ከግድግዳው ማዶ ያለው ሬዲዮ

ግንቦት 17 ቀን 1992፤ ካሳራኒ፣ ናይሮቢ

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ አልማዝ ናት፤ ቃሉ የኔ ነው። አልማዝ፣ አታሳምሪው፤ እንዳልኩሽ ጻፊ።

ሰኞ ዕለት የሀገራችን ሬዲዮ "ጠላት ተደመሰሰ" ሲል አንቺ እልል አልሽ፤ እኔም እሰይ አልኩ። እሱንም ጻፊው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ኤርትራዊው ጎረቤታችን አቶ ተስፋይ ሰምቶናል።

ዛሬ ጠዋት ከዚያው ግድግዳ ማዶ ለቅሶ ሰማን። አምና አስመራ ሄዶ የዘመተው የልጁ የዮናስ መርዶ መጣ። እዚሁ አጠገባችን ያደገው፣ የሬዲዮዬን ባትሪ ሲቀይርልኝ የኖረው ዮናስ።

"አይሂዱ አባባ፣ ያዋርዱዎታል" አልሽኝ። እኔ ለቅሶ የምደርሰው ሬዲዮ አስፈቅጄ አይደለም አልኩሽና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ።

ለሽማግሌ የተነሳ ሰው የለም። አቶ ተስፋይ ብቻ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። የነሱም ሬዲዮ ተከፍቶ በትግርኛ ይለፈልፋል። ትግርኛ አይጠፋኝም፤ እሱም "ጠላት ተደመሰሰ" ይላል። የኛን ልጆች ማለቱ ነው። የነሱም ዜና አንባቢ የኛም ዜና አንባቢ የሰርግ ወሬ የሚያወሩ ይመስላሉ።

"ይሄን ነገር ዝጋው እንጂ ተስፋይ፣ በልጅህ ለቅሶ" አልኩት።

"ተወው ጋሼ" አለኝ። "የልጄን ስም ይጠራ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ዜናው እስኪያበቃ አብረን ሰማን። አልጠራውም።

በቃ አልማዝ፣ አሁን አንብቢልኝ። የዮናስ ስም ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ግድግዳው ስስ ነው።