ቀለም ነካሪዋ ወይዘሮ ስህን አስረስ (1970–2017 ዓ.ም)

ወይዘሮ ስህን ከአባታቸው ከአቶ አስረስ ውበቱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች ዋለ ግንቦት 3 ቀን 1970 ዓ.ም በአምባሰል ወረዳ፣ ከውጫሌ ከፍ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ውጫሌ ወርደው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1991 ዓ.ም ከአቶ ምንይችል ማዕረግ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሐይቅ ከተማ ኑሯቸውን መሠረቱ፤ ሰላማዊትንና ፋሲካንም ወለዱ።

በ2007 ዓ.ም አሮጌ ወረቀት ዘፍዝፎ የእንቁላል መያዣ በሚሠራ ድርጅት ተቀጠሩ። ሥራቸው የወረቀቱን ቡኮ አረንጓዴ ቀለም ማስያዝ ነበር። ጋዜጣ ሲበዛበት ይጠቁራል፣ የደብተር ወረቀት ሲበዛበት ይነጣልና ወረቀቱን ለይተው የሚያቀርቡላቸው ወይዘሮ ኑርሀያት ሙዘይን ነበሩ። ሁለቱ አምስት ዓመት እንደ እህት ኖሩ።

በ2012 ዓ.ም ክረምት አንድ ትልቅ ጭነት ተመለሰ፤ በአንድ እስር ውስጥ ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ተገኝቶበት ነበር። ሠራተኛው ተሰብስቦ ሲጠየቅ ወይዘሮ ስህን፣ «እኔ የምጨምረው ቀለም ያው ነው፤ ወረቀቱ ነው የተደባለቀው» አሉ። ወይዘሮ ኑርሀያት ከሥራ ተሰናበቱ።

ሌላ ሰው ቢተካም ቀለሙ መለያየቱን አልተወም። ወይዘሮ ስህን ሰላም አጡ። ከየዕለቱ ቡኮ ጥቂት እያነሡ አድርቀው ጎን ለጎን ሲያዩት ጥፋቱ ተገለጠላቸው። ቀለሙን የሚጨምሩት ቡኮውን በባልዲ እየቆጠሩ ነበር፤ ቡኮው ግን አንድ ቀን ይወፍራል፣ አንድ ቀን ይቀጥናል። ደረቁን ወረቀት መዝነው በዚያ ልክ ቀለም መስጠት ከጀመሩ ወዲህ አንድም ጭነት አልተመለሰም። ድርጅቱ አመሰገናቸው፤ ምስጋናው ግን እንደ እሾህ ወጋቸው።

ወይዘሮ ኑርሀያት ያን ጊዜ ዓሣ ይሸጡ ነበር። ወይዘሮ ስህን ቤታቸው ሄደው እግራቸው ላይ ወደቁ። «እኔስ ምሬሻለሁ፤ አላህም ይማርሽ» አሏቸው፤ «አገሩ ግን አሁንም ሥራ የማታውቅ ይለኛል።» ወይዘሮ ኑርሀያት ወደ ድርጅቱም አልተመለሱም።

ወይዘሮ ስህን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሐይቅና ደሴ ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዕረፍታቸው በፊት ይህን ለጻፈችው ታናሽ እህታቸው እንዲህ ሲሉ አዘዙ፦ «በሰው ፊት ወንጅዬ በጓዳ ነው ይቅርታ የጠየቅሁ። ሊቀብረኝ የመጣ ሁሉ ይስማ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። ኑርሀያት ሥራዋን አጥፍታ አታውቅም።»

ወይዘሮ ኑርሀያት ጽሑፉ ሳይታተም ተነበበላቸው። «ይነበብ» አሉ።

የወይዘሮ ስህን ባለቤት፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እናታቸውና እህታቸው በሐዘን ቀርተዋል። እግዚአብሔር ንስሐቸውን ተቀብሎ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን።