ለሁለት የተካፈልነው የአንጀት ማጠቢያ

ልጄ ሩምያና፣ ባለሽበት ጤና አይለይሽ፤ ድንግል ማርያም ከክፉ ትጠብቅሽ።

እዚህ ቪዲን ዝናቡ አላባራም፤ ዶሮዎቹም እንቁላል መጣል አቁመዋል። አባትሽ ሽንት ቤት ደም ስላየ ሐኪሟ አንጀቱ በመሣሪያ ይታይ አለች፤ በዕድሜሽ መታየቱ ይበጃል ብላ እኔንም ጨመረችኝ። ከምርመራው በፊት የሚጠጣው የአንጀት ማጠቢያ ዋጋ ግን ከጡረታችን ጋር አይተዋወቅም። አንዱን ገዝተን እንደ ዳቦ ተካፈልነው። የሁለታችንም አንጀት ሳይጠራ ቀረ፤ ሐኪሟ ምንም ማየት ስላልቻለች እንደገና ኑ አለችን።

አባትሽ «አንቺ ሴትዮ፣ ለተቅማጥ ሁለቴ አልከፍልም» ብሎ አኮረፈ። ደሙ ግን አልቆመም።

የራሴን ቀጠሮ ትቼ ለእሱ ሙሉውን ገዛሁለት። «ሩምያና ከስፔን ላከችልህ» አልኩት፤ አንቺ የላክሽውን ጠብታ አያስተርፍም።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው። ደውሎ ሲያመሰግንሽ፣ የኔ ዓለም፣ እሺ ብለሽ ተቀበይው።

እናትሽ ዝላትካ