የሁለት እግር አንድ ድምፅ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ልክ» እያለ የሚጠራቸው ጫማ ሰፊ፣ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በጥር ወር 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉባት ቤት አንዲት ክፍል ነበረች። መስኮቷ ወደ ድንጋይ ካባው ስለሚከፈት፣ እናታቸው ያሰጡት ነጭ አንሶላ ሁሉ እስኪደርቅ ዐመድማ ይሆን ነበር ይባላል። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ በላይ ያልዘለቁት አባታቸው ስለታመሙ እንጂ ጭንቅላት አጥተው አይደለም።

በሦስት ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እናት፣ በልጅነት በሽታ ግራ እግራቸው አጥሮ ቀርቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ በጣውላው ወለል ላይ አንዱ እግር ሲረግጥ፣ ሌላው ሲጎተት ይሰማል። ሰውም ዞሮ ያያል። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ቆመው መቅረትን ለመዱ። በ1952 ዓ.ም. ጋሽ ልክ፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ከተጣለ የመኪና ጎማ ቆርጠው በእህታቸው ጫማ ሥር ቸነከሩ። ከዚያም «እስቲ ሂጂ» ብለው ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አልጣማቸውም፤ ነቅለው ሸረፉት። በአራተኛው ሙከራ ሁለቱ እግሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ሲሰጡ «ልክ!» ብለው ጮኹ። ስሙ የወጣላቸው ያን ቀን ነው። በእሑዱ እህታቸው እስከ ፊተኛው ወንበር ሄዱ፤ ማንም ዞሮ አላየም።

በ1958 ዓ.ም. በጫማ ፋብሪካ ሶል ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ። ስድስት ዓመት ሠርተው ወጡ፤ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እግር ያለው ይመስል ሺህ ጫማ በአንድ ፎርማ መሥራት አንገሸገሻቸው። በ1964 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ጠባብ ነበረች፣ ማስቲሽ ማስቲሽ ትሸታለች፣ ግድግዳዋን የደንበኞች የእንጨት ፎርማ ሞልቶታል፤ ወለሏን ግን ለጆሯቸው ሲሉ በጣውላ አስነጠፉት። እግራቸው ያጠረ፣ የተጣመመ፣ በአደጋ የተጎዳ ሁሉ በዚያ ወለል ላይ ተራምዷል። ቸኩሎ «በቃ፣ ደህና ነው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ «እግሩ ያንተ ነው፤ ጆሮው ግን የኔ ነው። ተራመድ!» ይሉት ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የሕፃናት አስተማሪ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። አንድ እሑድ ስለ መክሊት ተሰብኮ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። «ሰው ይዘምራል፣ ሰው ይሰብካል፤ እኔ ቆዳ ስቀድ ልሞት ነው» ቢሉ፣ ባለቤታቸው «አዳምስ በምን ተሠራ? እግዚአብሔር እንኳ እጁን ጭቃ አስነክቷል! አንተ ማስቲሽ ነካኝ ብለህ ታፍራለህ?» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ወስፌ ሲያነሡ «የሰጠኸኝን እንዳላበላሽ» ሳይሉ ሥራ አይጀምሩም ነበር።

ሰው ናቸውና አንድ ጥፋት አጥፍተዋል፤ እንዲነገርም ራሳቸው አደራ ብለዋል። በ1985 ዓ.ም. የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው በጓሮ ሆና የደንበኛ እርምጃ ብቻ ሰምታ «ቀኙ ነው ያጠረው» ስትል ትክክል ሆነች። ደንበኛውን ሸኝተው ሲመለሱ ወስፌ ይዛ ስትሰፋ አገኟት። ነጠቋት። «ይህ እጅ ለብዕር ነው፤ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!» አሏት። እሺ ብላ ተማረች። መሥሪያ ቤት ገብታም ሃያ አምስት ዓመት ደብዳቤ ስትመዘግብ ኖረች።

ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። በ2013 ዓ.ም. የጋሽ ልክ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወስፌው ከቆዳው ይልቅ ጣታቸውን ይወጋ ነበር። ሱቋ ተዘጋች። የእህታቸው ሶል ሳስቶ ሲያልቅ ግን አንጀታቸው አረረ። ሌላ ጫማ ሰፊ ሠራላቸው፤ ቁመቱ ደረሰ፣ ድምፁ አልደረሰም። እህታቸውም እንደ ልጅነታቸው ከበሩ አጠገብ መቆም ጀመሩ። ጋሽ ልክ ሞት አላስፈራቸውም። ያስለቀሳቸው «መክሊቴን ይዤ ልቀበር ነው» የሚለው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የአልጋ ቁራኛ ሲሆኑ ልጃቸውን አስጠሩ። «በድዬሻለሁ። ለአንቺም ሰጥቶሽ ነበር፤ የነጠቅሁሽ እኔ ነኝ» አሏት። እሷም መልአክ አይደለችም፤ «አባዬ፣ አሁን እጅህ እምቢ ሲልህ ነው የታየህ?» ብላ በሩን አላትማ ወጣች። በሦስተኛው ቀን የመሣሪያ ቦርሳቸውን ከሱቅ ይዛ መጣች።

እሳቸው ተኝተው ይናገራሉ፤ እሷ አልጋው ሥር ተቀምጣ ትቆርጣለች። የመጀመሪያውን ጫማ እህታቸው አድርገው ሲራመዱ ጋሽ ልክ «አይደለም» አሉ። ሁለተኛውንም «አይደለም» አሉ፤ ልጅቷ አለቀሰች፣ ግን ፈታችው። በሦስተኛው እህታቸው እስከ መስኮቱ ሄደው ተመለሱ። ጋሽ ልክ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ «ልክ» አሉ። ለልጃቸው ብለው ነው የሚል ካለ ጋሽ ልክን አያውቃቸውም። ጫማ ላይ አይዋሹም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እህታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ሱቋ ሰኞ ትከፈታለች፤ ወስፌው በልጃቸው እጅ ነው።

ዛሬ ከሳጥናቸው ኋላ እህታቸው በዚያ ጫማ ይሄዳሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ጣውላ ላይ ሲያልፉ እባካችሁ ለአፍታ ልቅሶውን ያዝ አድርጋችሁ አድምጡ። ነፍሳቸውም ወደ ፈጣሪዋ ስትራመድ፣ ያንን እጅና ያንን ጆሮ የሰጣቸው አምላክ አዳምጦ «ልክ» ይበላቸው። አሜን።