ጋሸና የደረሰ ሙሾ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጉልበትሽ ብርዱን ቻለው? የአባቴ ልብስ ከመደቡ ላይ ተነሣ ወይስ እንዳለ ነው? እኔ ላሊበላ ደኅና ነኝ፤ ሆቴሉም እንግዳ አላጣም፤ አክስቴ ብርቅዬ እንደምታወራውም አልከሳሁም። ስልክሽን ለሰው ስለ ሰጠሽ ይኸው በወረቀት መጣሁ። የሚያነቡልሽ የንስሐ አባታችን ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ናቸውና፣ አባቴ፣ እርስዎም ይስሙኝ። እንዲያውም በእርስዎ ፊት መሆኑ ሳይሻል አይቀርም።

እማዬ፣ በጎረቤታችን በከፋለ ቀብር ላይ ሙሾሽን የቀረጽሁት እኔ ነኝ። አስጎብኚው ምሥጋናው አይደለም።

ስልኬን በነጠላዬ እጥፋት ውስጥ ይዤ ነበር። አንቺ ደረትሽን እየደቃሽ፣

«ከፋለ ተነሣ፣ በሬህ ቆሟል ደጅ፤
አልጠመድም ይላል፣ ያለ አንተ እጅ»

ስትዪ አገር ተንሰቀሰቀ። እኔም አለቀስሁ፣ እውነቴን ነው። ግን እያለቀስሁ ስልኩን አስተካክል ነበር። በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁት። ክፉ አላሰብሁም፤ የእናቴን ችሎታ ሰው ይይልኝ ነው ያልሁት። መቼም ላንቺ አይዋሽም፣ እኔንም ይዩኝ ነበረበት። እዚያ ሰው የወደደውን ሲያይ ትንሽ ቀይ ልብ ይልካል። ሦስት መቶ ልብ ሲመጣ ቁርሴን ረሳሁ፤ ሦስት ሺህ ሲደርስ እንግዳ አቁሜ መጸዳጃ ቤት እየገባሁ አይ ጀመር። ልማዱ እንዲህ ነው፤ የማያውቁሽ ሲያደንቁሽ፣ የሚያውቁሽ ይቀልሉብሻል።

ከዚያ አንዱ ከበሮ ጨመረበት። «አልጠመድም ይላል» የምትለዋን ብቻ ቆርጦ እየደጋገመ ዘፈን አደረጋት። ሥራ የሰለቸው አልጠመድም፣ ማግባት ያልፈለገችው አልጠመድም፤ አገሩ ሁሉ በከፋለ ሞት እስክስታ መታ። እኔም ስቄያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። አንቺ ከወልድያ ስትመለሺ ጋሸና ምሳ ቤት ገብተሽ የገዛ ድምፅሽን ሰማሽ። አስተናጋጇ በሙሾሽ ትከሻዋን እየነቀነቀች ሽሮ አቀረበችልሽ አሉ። ሳትቀምሺ ወጣሽ።

ይህን የሰማ አጎቴ ደሳለ፣ ትልቅ ስልክ ያለው አስጎብኚው ምሥጋናው እንጂ ማን ይሆናል ብሎ ፈረደ። ደጁ ድረስ ሄዶ፣ አንተ የሬሳ ነጋዴ፣ እያለ ሲሰድበው እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ስልኬን ሸፈንሁበት።

አባቴ ሲሞትስ? አገሩ ሁሉ ያንቺን አፍ ጠበቀ። አንቺ ግን ሙሾ አላወረድሽም። አክስቴ ብርቅዬ፣ ኧረ አንቺ እቴ፣ ለጎረቤት ያወረድሽውን ለባልሽ ትነፍጊዋለሽ? ብላ ጎሰመችሽ። አንቺም ቀስ ብለሽ፣ ተዪው ይረፍበት፣ እሱን ጋሸና አልሰደውም አልሽ። ሴቶቹ አልገባቸውም፤ ድሮም አትወደው ነበር ተባባሉ። እኔ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት አብረሽው የኖርሽውን ሰው ያለ አንዲት ስንኝ እንድትቀብሪ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ፣ ሬሳው ላይ ተደፍቼ እንኳ፣ ለቅሶዬ ለሚያየኝ ሰው እንዴት ይታይ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የለቀቅሁትን አጥፍቻለሁ። ሌሎቹ የወሰዱትን ግን ከየት ልሰብስበው?

ለአርባው እመጣለሁ። አጎቴ ደሳለም ሰዉም ባለበት ምሥጋናው እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። ያኔ ልብሽ ከፈቀደ ለአባቴ አውርጂለት። የሰዉን ስልክ ሁሉ በር ላይ ቆሜ እሰበስባለሁ፤ የእርስዎንም ጭምር፣ አባቴ፣ ይፍቱኝ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያብሰለስለኛል። በአባቴ ቀብር ቀን ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርበት፣ አንቺ ምሥጋናውን ና ልጄ ብለሽ አጠገብሽ አስቀመጥሽው። እኔ ጉልበትሽን ልስም ስደፋ ደግሞ ሁለቱን እጆቼን ይዘሽ መዳፌን ገለበጥሽው፤ ከስልክ ባዶ መሆኑን አይተሽ ነው ያቀፍሽኝ። ኀዘን ያደረገሽ መስሎኝ ነበር።

የገነተ ማርያም እመቤት ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ የአባቴን ነፍስ ከደጋጎቹ አጠገብ ታሳርፍልን።

ጉልበትሽን ስማ የምትለምንሽ፣
ልጅሽ