ያልፈረምኩበት ቦታ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ለልጄ እናት፣ አሁንም «ባለቤቴ» ማለት ካልተከለከልኩ ለባለቤቴ፣

እንዴት ከረማችሁ? የእህትሽ ቤት ተስማማሽ? ልጃችን ጥርሷ መውለቁን በስልክ ነገረችኝ። ስለ አንቺ ስጠይቃት ግን ዝም ትላለች፤ አስተምረሻት ከሆነ ጎበዝ ተማሪ ናት።

ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሰኞ ዕለት «ማስመሪያ» የምንለውን ሽማግሌያችንን ከቢሮ አባረሩት። ሃያ ሁለት ዓመት የሁላችንን ፕላን ሲያርም የኖረ ሰው፣ ዘበኛ አጠገቡ ቆሞ ዕቃውን ሰበሰበ። መነጽሩን ረስቶ ሊመለስ ሲል ዘበኛው «ይበቃል አባባ» አለው። ሁላችንም ኮምፒውተራችን ላይ አቀርቅረን ነበር። እኔም።

ቅዳሜና እሁድ በነጻ መሥራቱ አንገፍግፎሽ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ስትዪ የሳቅሁብሽ ትዝ ይልሻል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ስትዪኝ፣ «ሎሚውን ለተሸካሚዎች ተዪላቸው፣ እኛ መሐንዲሶች ነን» አልኩሽ። እውነቱን ለመናገር የክፍል ኃላፊነቷንም አሰፍስፌ እየጠበቅሁ ነበር።

ማንም የመጀመሪያው ፈራሚ እንዳይባል ማስመሪያ የማኅበሩ ማመልከቻ ላይ በኮምፓስ ክብ ሠራ፤ እናንተም ዙሪያውን ፈረማችሁ። ከስምሽ በስተግራ ለእኔ ቦታ ተውሽልኝ። «ነገ» እያልኩ ቀኑ ደረሰና ወረቀቱ ቦታዬ እንደዚያው ክፍት ሆኖ ለሥራ አስኪያጁ ገባ።

ማን እንደጠቆመብሽ እስከ ዛሬ ትጠይቂያለሽ። ጸሐፊያችንን ጠርጥረሽ ሰላምታ ነሳሻት። ማንም አልጠቆመብሽም። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ ወረቀቱን ዘረጋውና ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈ።

«ክብ መጀመሪያ የለውም ይላሉ፤ ይሄኛው ግን አለው» አለኝ። ጣቱን ትንሽ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሶ ስምሽን አነበበ። «ነገሩን የጀመረችው ባለቤትህ ናት ማለት ነው?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደው፤ መልስም ነበር። በማግስቱ የስንብት ደብዳቤሽ ደረሰሽ፣ ኃላፊነቷም ለእኔ መጣች።

ትናንት ሁለት ወጣት መሐንዲሶች አዲስ ወረቀት ይዘው መጡ። ተራ ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ አናት ላይ ፈረምኩ። ለማኅበር ዐሥር ሰው ያስፈልጋል፤ ቢሮው ውስጥ የቀረነው ስድስት ነን፣ ሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ «እናስብበት» ብለዋል። ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋ ተጠርቻለሁ።

ይቅር ብትዪኝ ደስ ይለኛል፤ ናፍቃችሁኛል። ባትዪኝም አልፈርድብሽም። ጸሐፊዋን ግን ዛሬውኑ ደውዪላት። ከአንቺ በወሩ እሷንም አባረዋታል። ሥራ እንድታፈላልጊላት ስትደውልልሽ ነው ስልኩን ጆሮዋ ላይ የዘጋሽባት።

ፈጣሪ ጤና አያሳጣችሁ።

የልጅሽ አባት