እናቴ የምታውቀው ሞተር

ጥቅምት 11 ቀን፣ ደብረ ማርቆስ

በማታ ትምህርት ፊደሉን በሦስት ወር የጨረስኩ፣ መምህሩ ራሱ የሚፈራኝ ጎበዝ፣ ዛሬ አንድ ነገር መወሰን አቃተኝ። ቤንዚን ስለጠፋ መርጡለ ማርያም ያለችውን እናቴን ካየኋት ስድስት ወር ሆነኝ። መካኒኩ «ለጂፕህ የናፍጣ ሞተር እንግጠምለትና በየሳምንቱ ሂድ» ይለኛል። እኔ ግን አመነታለሁ። እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ጂፑን የምታውቀው በድምፁ ነው። ዳገቱን ስወጣ ሰምታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ከሰዓት በኋላ ደውዬ ነገርኳት።

«ቀይረው ልጄ» አለችኝ። «ባለፈው ቅዳሜ እንዳንተው ጂፕ የሚጮህ መኪና መጣ። ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። አልፎ ሄደ።»

በቀልድ ማንም የማይችለኝ ሰውዬ፣ ሳልቀልድ ወደ መካኒኩ ሄድኩ።