የአባባ ልክ

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ መንገድ ሳያደክመው ካለህበት ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። ልቤ አሞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፤ አሁን ግን ጎረቤቱ ዕረፊ እያለ ቢንጫጫም ወደ ስፌት መኪናዬ ተመልሻለሁ። ሐኪሙ፣ "ልብሽ ይህ ሕመም ከያዛቸው ሌሎች ሰዎች ልብ ይበልጥ ተጎድቷል፤ በዘር ሳይሆን አይቀርም። አባትሽ በምን ሞቱ?" አለኝ።

"በልብ ነው። እኔ ግን አባቴን አልመስልም!" አልኩት። ሳቀብኝ፤ ይሳቅ።

"ወንድም አለሽ?" ሲለኝ ግን ወሬ ቀየርኩ።

ኮትህን ጀምሬያለሁ። አንተ ቁርጥ አባባን ስለሆንክ፣ እስከ ዛሬ ሳልለካህ በእሱ ልክ በተቆረጠው ካርቶን ነበር የምሰፋልህ፤ አንድም ቀን ጠቦህ አያውቅም። ዘንድሮ ካርቶኑን ጨርቁ ላይ ባስቀምጠው እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ልክህን ተለክተህ ላክልኝ። እግረ መንገድህንም ሐኪም ቤት ጎራ በልና ልብህን ይዩልህ። ለኮት ልብ ምን ያደርጋል ብለህ እንዳትጨቃጨቀኝ! ሰፊዋ እኔ ነኝ፤ የምፈልገውን አውቃለሁ።

ካርቶኑን እንደሆነ ቀዳድጄ እሳት ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት በአባባ ልክ የሚሰፋለት ሰው የለም።

ሰላም ሰንብትልኝ፤

መቀሷን ያላስቀመጠችው እህትህ